መሣሪያው ብረቱን እንጂ ታሪኩን አይሰማም



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንድ ወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል። ልጃቸው በኢንተርኔት «ጋላይ መታኾት» አዝዟል። ይኸ እንግዲህ ብረት መፈለጊያ የሚባለው፣ ረጅም እጀታ ያለው፣ ጫፉ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ፣ መሬት ለመሬት ሲያሳልፉት ብረት ካለ የሚጮህ መሣሪያ ነው። ልጁ ከሰፈሩ ጀርባ ካለው የድሮ ፍርስራሽ ሄዶ ሊሞክረው ፈልጓል። ወላጆቹ «ከስልኩ ላይ ተነስቶ ሜዳ መውጣቱ ደስ ብሎናል፤ ችግር አለው ወይ?» ይላሉ።

መልሱ ባጭሩ «አዎ፣ አለው» ነው። የአገሩ ሕግ ይከለክለዋል። ግን ዛሬ ልጅን «ክልክል ነው» ብሎ ብቻ ማቆም አይቻልም። «ለምን?» ይላል፤ መጠየቁም ደግ ነው። ስለዚህ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ታሪክ ላቅርብላችሁ። ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው ሲፈጠር ለወርቅ ፍለጋ አልነበረም። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጀምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ፤ ያን ጊዜ ራጅ የሚባል ነገር የለም። የስልክ ፈጣሪ እየተባለ የሚጠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት ሲቀርበው ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ሠርቶ መጣ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ኤሌክትሪክ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያልፍ የማግኔት ኃይል ይፈጠራል፤ ያ ኃይል ብረት ሲያገኝ ይረበሻል፤ መሣሪያው ረብሻውን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። የዛሬዎቹም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ቤል ግን ጥይቱን አላገኘውም። አልጋው የብረት ሽቦ ነበረበትና ድምፁን አበላሸው። ሐኪሙም «ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው» ብሎ ስላመነ በቀኝ በኩል ብቻ አስፈተሸው። ጥይቱ በግራ ነበር። ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት በመስከረም ሞቱ። መሣሪያው ይጮሃል እንጂ የጩኸቱን ፍቺ አያውቅም፤ የሚፈታው ሰው ነው።

ቀጥሎ መሣሪያውን ያሻሻለው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል ከአገሩ የተሰደደ የፖላንድ መኮንን ብሪታንያ ውስጥ ሆኖ ወታደር ይዞት የሚሄድ ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። በ1942 በግብፅ፣ በኤል ዓላሜይን ጦርነት ብዙ ነፍስ አዳነ። ይኸ የፈንጂ መፈለጊያ ነው እንግዲህ ወደ ይሁዳ ምድረ በዳ የመጣው።

በ1960 የጸደይ ወራት ይጋኤል ያዲን የሚመራው ቡድን ከዓይን ገዲ በስተ ደቡብ ባለው ናሐል ሔቨር ወደሚባል ገደል ወረደ። ያዲን አርኪዮሎጂስት ነው፤ ከዚያ በፊት የእስራኤል ጦር ኤታማዦር ሹም ነበር። ቡድኑ ገደሉ ላይ ያለውን ትልቅ ዋሻ ሊመረምር ነው የሄደው። ዋሻው ሦስት ሰፋፊ ክፍሎች አሉት፤ ውስጡ በወደቀ ድንጋይና በአቧራ የተሞላ ነው። ከ132 እስከ 135 ዓ.ም. በባር ኮኽባ ዘመን አይሁድ በሮም ላይ ሲያምፁ፣ በመጨረሻ ከነልጆቻቸው ሸሽተው የተደበቁት እንዲህ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ከላይ ሮማውያን ሰፈር ሠርተው ጠበቋቸው። ብዙዎቹም ከዚያ አልወጡም፤ ዋሻው ውስጥ አጥንታቸው ተገኝቷል።

ያዲን ከጦሩ ፈንጂ መፈለጊያውን ከነወታደሩ ይዞ ገባ። ለዚያ ዘመን ቁፋሮ ይኸ አዲስ ነገር ነበር። መሣሪያው በመጀመሪያው ክፍል፣ ከመግቢያው ብዙም ሳይርቅ ጮኸ። ሲቆፍሩ በቅጠል የተሠራ ቅርጫት አገኙ፤ ውስጡ 19 የብረታ ብረት ዕቃዎች ነበሩ። ማንቆርቆሪያዎች፣ የዕጣን ማንሻዎች፣ ጎድጓዳ ሳህኖችና ቁልፍ ናቸው። ነሐሱ ከ1,800 ዓመት በኋላም አልጠፋም። ዕቃዎቹ ከሮማውያን የተማረኩ ናቸው ብሎ ያዲን አመነ፤ ምክንያቱም የጣዖት መልክ ያለባቸው ቦታዎች ሆን ተብለው ተፍቀው ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከሞት የሚሸሽ ሰው ዕቃውን አልጣለውም፣ ጣዖቱን ግን ፍቆ አጠፋው። ሃይማኖቱን ጠብቆ በረሃ ያቋረጠ ሰው ይኸንን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። መሣሪያው ያገኘው ይኸንን ነው፤ ነሐሱን። ዋሻው ዛሬ «የደብዳቤዎች ዋሻ» የተባለው ግን በነሐሱ ምክንያት አይደለም። ቡድኑ በእጁና በዓይኑ፣ ስንጥቅ በስንጥቅ እየፈተሸ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገባ አንድ የውሃ አቁማዳ አገኘ። ውስጡ የሴት ዕቃ ነበር፦ መስታወት፣ ዶቃ፣ ቀለም የተነከረ ሱፍ። ከነዚህም ጋር የታሰረ የደብዳቤ ጥቅል ተገኘ። 15 ደብዳቤዎች ነበሩ፤ የመሪው የባር ኮኽባ ትእዛዞች። ከጥቂቱ በቀር በፓፒረስ ላይ የተጻፉ ናቸው። ፓፒረስ ብረት አይደለም፤ መሣሪያው በላዩ መቶ ጊዜ ቢያልፍ አይጮህም።

ከደብዳቤዎቹ አንዱ በሁለት አህያ የሉላቭና የኤትሮግ ጭነት እንዲመጣ ያዝዛል፤ ሃዳስና ዓራቫም ጨምሩ ይላል። ሰውየው ጦርነት ላይ ነው፤ ሠራዊቱ የሱኮትን በዓል እንዲያከብር ግን ያስባል። እውነተኛ ስሙም ሺምዖን ባር ኮሲባ እንደነበር በራሱ ደብዳቤዎች ተረጋገጠ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ሰውየው በገዛ ቃሉ ተናገረ።

በዓመቱ፣ በ1961 እዚያው ዋሻ ተመለሱ። ከድንጋይ ስር የተደበቀ የቆዳ ከረጢት አገኙ፤ ውስጡ የአንዲት ሴት 35 ሰነዶች ነበሩ። ስሟ ባባታ ነው፤ ከሙት ባሕር በስተ ደቡብ የተምር እርሻ የነበራት ሴት ናት። ንጉሥ አይደለችም፣ ጀግናም አይደለችም። የመሬት ወረቀቷን፣ የጋብቻ ውሏን፣ የፍርድ ቤት ክሷን ጠቅልላ ይዛ ሸሸች። እኔ በሥራዬ ሶሻል ወርከር ነኝ፤ ሥራዬ ከቤተሰብ ጉዳይ ጋር ስለሆነ የባባታ ክስ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ባሏ ሞቶባት ትንሽ ልጅ አላት። ልጁ ሁለት ሞግዚቶች ተሾመውለታል፤ እዚህ አገር አፖትሮፖስ እንደምንለው፤ አንዱ አይሁዳዊ፣ ሌላው ናባጢያዊ። ሞግዚቶቹ ለልጁ በወር 2 ዲናር ብቻ ቀለብ ይሰጣሉ። እሷ «ይኸ ለልጄ አይበቃም፤ ገንዘቡን ለኔ ስጡኝና የተሻለ አሳድገዋለሁ» ብላ በሮማዊው ገዥ ፊት ከሰሰች። ይኸ የሆነው 124 እና 125 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እንግዲህ ዛሬ ስለ መዞኖት በየቢሮው የምትንከራተት እናት ከዚህች ሴት በምን ትለያለች?

በዋሻው የቤት ቁልፎችም ተገኝተዋል። ቤታቸውን ቆልፈው፣ እመለሳለሁ ብለው የወጡ ሰዎች ቁልፍ ነው። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ይኸንን ያውቀዋል።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ያንን ዋሻ በመጀመሪያ ያገኘው አዲስ መሣሪያ የገዛ ጎረምሳ ቢሆን ኖሮስ? መሣሪያው ይጮሃል፤ ልጁ በደስታ ይቆፍራል፤ ነሐሱን ያወጣል። ቅርጫቱ በእጁ ላይ ይፈርሳል፤ ይጥለዋል። አቁማዳውን «አሮጌ ቆዳ ነው» ብሎ ይረግጠዋል። ማንቆርቆሪያው ለአንድ ነጋዴ ይሸጣል። እኛም ዛሬ አንድ ማንቆርቆሪያ ይኖረናል፤ ባር ኮሲባና ባባታ ግን አይኖሩንም። ነሐሱም ቢሆን ከማን እንደተማረከ፣ ማን እንደደበቀው ሊነግረን አይችልም። ዕቃ የሚናገረው ቦታው ላይ ሳለ፣ አጠገቡ ካለው ነገር ጋር ሆኖ ነው። ከቦታው የተነጠቀ ዕቃ እንደ ምስክር የለሽ ክስ ነው።

ይኸ በዚያ ዋሻ ብቻ የሆነ አይደለም። በ1979 በኢየሩሳሌም፣ ከሂኖም ሸለቆ በላይ ኬቴፍ ሂኖም በሚባል ቦታ ገብርኤል ባርካይ የሚባል አርኪዮሎጂስት የጥንት መቃብሮች ይቆፍር ነበር። ከመቃብሩ ዕቃዎች መካከል ሁለት ትናንሽ የብር ጥቅሎች ተገኙ፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ፣ እንደ ክታብ ያሉ። ሳይሰባበሩ የሚዘረጉበትን መንገድ ለማግኘት ብቻ 3 ዓመት ፈጀ። ሲዘረጉ በጣም በቀጭኑ የተጫረ ጽሑፍ ታየ፤ በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 6 ላይ ያለው የካህናት ቡራኬ ነበር። ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በጽሑፍ ከተገኘው ሁሉ ይኸ ጥንታዊው ነው። ብር ነውና መሣሪያ ቢያልፍበት ምናልባት ይጮህ ነበር። ግን የቸኮለ እጅ በጣቱ ሊዘረጋው ቢሞክር ቡራኬው አመድ ይሆን ነበር። ዕድሜውንም ለማወቅ የረዳው አንዱ ነገር አብረውት የተገኙት የሸክላ ዕቃዎች ናቸው።

በትክክል ሲደረግ ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ2015 መጀመሪያ በቄሳርያ ባሕር ውስጥ የሚዋኙ ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ላይ የሚያብረቀርቁ ሳንቲሞች አዩ። መጀመሪያ የመጫወቻ ገንዘብ መስሏቸው ነበር። ወርቅ መሆኑን ሲጠረጥሩ ወደ ኪሳቸው አላስገቡትም፤ ለረሹት ሃዓቲኮት፣ ማለትም ለቅርስ ባለሥልጣኑ አስታወቁ። ያን ጊዜ የባለሥልጣኑ ጠላቂዎች ራሳቸው ብረት መፈለጊያ ይዘው ወረዱና ወደ 2,000 የሚጠጉ የወርቅ ሳንቲሞች አወጡ። ሳንቲሞቹ ከ1,000 ዓመት በፊት ግብፅን ይገዙ የነበሩት የፋጢማውያን ዘመን ናቸው። ቦታው ስላልተነካ ተመራማሪዎቹ «ምናልባት ግብር ይዞ ወደ ግብፅ ሲሄድ የሰመጠ መርከብ ይሆናል» ብለው መገመት ቻሉ። መሣሪያው ያው ነው፤ ልዩነቱ በማን እጅ፣ በምን ሥርዓት እንደሚሠራበት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የእስራኤል የቅርስ ሕግ፣ ሖክ ሃዓቲኮት፣ የወጣው በ1978 ነው። ከ1700 ዓ.ም. በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ «ዓቲካ» ይባላል፤ ከሕጉ ወዲህ የተገኘውም የመንግሥት ነው፣ ያገኘው ሰው ወይም የመሬቱ ባለቤት ንብረት አይሆንም። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በብረት መፈለጊያ ቅርስ መፈለግም በስሙ ተጠቅሶ ተከልክሏል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። በአገሩ ላይ ወደ 30,000 የሚጠጉ የተመዘገቡ የቅርስ ቦታዎች አሉ። ብዙዎቹ አጥርም ምልክትም የላቸውም፤ ሜዳ ነው የሚመስሉት። የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች አጠገብም አሉ። አሽቀሎን የድሮዋ ከተማ ባሕሩ ዳር ነው ያለችው፤ በኪርያት ጋት ዳር ደግሞ ቴል ዔራኒ የሚባለው የጥንት ኮረብታ አለ። ስለዚህ «ማንም የማይጠብቀው ባዶ ሜዳ ነው» የሚለው አያስኬድም።

መሣሪያውን ቤት ማስቀመጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። ፍርስራሽ ላይ መሣሪያና ዶማ ይዞ የተገኘ ልጅ ግን «እየሞከርኩት ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ለወጣት ልጅ የፖሊስ ቲክ መከፈት ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደ ጦር ሠራዊት ሲገባ፣ ሥራ ሲፈልግ ይከተለዋል። ልጆቻችን ቶሎ እንደሚጠረጠሩ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላም አደጋ አለ። ይኸ አገር ብዙ ጦርነት ያየ ነው፤ መሬት ውስጥ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ አለ። መሣሪያው ለሳንቲምም ለቦምብም ይጮሃል። ኮሳትስኪ የሠራው እኮ ለፈንጂ ነበር፤ ወታደሮቹም ሲጮህ በእጃቸው አይጎረጉሩም ነበር።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ወጣቶቻችን ወደ ጎንደር አካባቢ ለጉብኝት ይሄዳሉ፤ አያቶቻቸው የኖሩበትን መንደር ያያሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ይኸንን መሣሪያ ይዞ ቢሄድ ምን ያገኛል? ወርቅ እንደማያገኝ እናንተ ታውቃላችሁ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ያገኛል። ምክንያቱም አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። መሬት እንደ ርስት መያዝ ስለተከለከሉ በእጃቸው ሙያ ኖሩ። ለጎረቤቱ ገበሬ ማረሻውን ሠሩለት፤ ያው ጎረቤት ግን ማታ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ያ የዝገት ቁራጭ ገበያ ላይ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ለእኛ ግን አባቶቻችን በምን ጥበብ እንደኖሩ የሚመሰክር ነው፤ ምድጃው የት እንደነበረ፣ ከየትኛው ቤት አጠገብ እንደተገኘ ከታወቀ።

እናቶቻችን የሠሩት ደግሞ ሸክላ ነው። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ እንስራው። ለሸክላ መሣሪያው ድምፅ የለውም። የጸሎት ቤቱ ቦታም፣ የመርገም ጎጆውም፣ የመነኮሳቱ መኖሪያም አይጮሁም። እንግዲህ በመሣሪያው ብቻ ብንፈልግ ከታሪካችን ግማሹን፣ የሴቶቻችንን ሥራና የካህናቶቻችንን ጸሎት፣ እንዳልነበረ እናደርገዋለን ማለት ነው።

ባለፉት ዓመታት ከእስራኤል የሄዱ ተመራማሪዎች በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ እስራኤል መነኮሳት የኖሩባቸውን ቦታዎች ፈልገው መዝግበዋል። በትውፊታችን ከአባ ሳብራ ስም ጋር የተያያዘችው ሆሃርዋ ከእነዚህ አንዷ ናት። ለእንዲህ ያለው ፍለጋ መንገድ የሚያሳየው የሽማግሌ ቃል ነው። «እዚያ ዛፍ ስር፣ ከምንጩ በላይ፣ አጥሩ በዚህ በኩል ነበር» የሚል ሰው ከሌለ የድንጋይ ክምር የድንጋይ ክምር ሆኖ ይቀራል። በኢትዮጵያም ሕግ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርና ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ከሕጉም በላይ የአባቶቻችን መቃብር እዚያው አጠገብ እንዳለ አንርሳ።

ታዲያ መሣሪያውን ለገዛ ልጅ ምን እንበለው? እኔ ለወላጆች የምላቸው ይኸንን ነው። አትስደቡት፣ ጉጉቱ ጥሩ ነው። ወደ ፍርስራሽ፣ ወደ ቴል፣ ወደ ዋሻ መሣሪያውን ይዞ እንዳይሄድ በግልጽ ንገሩት። የጠፋ ቀለበት ወይም ቁልፍ መፈለግ ከፈለገ በቤታችሁ ግቢ ወይም ቅርስ በሌለበት ቦታ ይፈልግ፤ የባሕር ዳርም ቢሆን ሁሉም ነፃ ስላልሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። በእግሩ ሲሄድ አሮጌ ነገር ካየ አይቆፍር፣ አያጽዳው፤ ባለበት ፎቶ ያንሳው፣ ቦታውን ይመዝግብና ለረሹት ሃዓቲኮት ይደውል። ዕቃ አግኝተው ያስረከቡ ልጆች የምስጋና ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ የፖሊስ ቲክ ከሚከፈትበት የምስጋና ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢሰቀል አይሻልም? መቆፈር ከወደደ ደግሞ ፈቃድ ያለው ቁፋሮ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መግባት ይችላል፤ ወጣቶችን የሚቀበሉ ቁፋሮዎች አሉ።

ለእናንተ ለሽማግሌዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ልጃችሁ ስልክ ውስጥ ካርታ አለ። አንድ ቀን አጠገባችሁ አስቀምጡትና መንደራችሁን አብራችሁ ፈልጉ። ጸሎት ቤቱ የት እንደነበረ፣ የብረት ሥራው ምድጃ በየትኛው በኩል እንደነበረ፣ ውሃ የሚቀዳበት፣ መቃብሩ ያለበት በጣታችሁ አሳዩት፤ እሱ ምልክት ያድርግበት፣ ድምፃችሁንም ይቅረጸው። ባባታ ወረቀቷን ጠቅልላ ስለደበቀች ከ1,800 ዓመት በኋላ ስሟ ተጠራ። የኛ ሰው ሲወጣ ወረቀት አልነበረውም፤ የነበረው በእናንተ ልብ ውስጥ ነው። መሣሪያ የማይደርስበት ይኸ ብቻ ነው፤ እናንተ ካልነገራችሁን ማንም ቆፍሮ አያገኘውም።